እየደጋገመ የሚወልቅ ትከሻና ቀዶ ሕክምናው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ትከሻቸው አንዴም ሆነ ብዙ ጊዜ ለወለቀባቸው፣ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» ለተባሉ የጎንደርና የአካባቢዋ ሰዎች፣ እንዲሁም ለአስታማሚዎቻቸው የተዘጋጀ ነው። ውሳኔው የሚደረገው ከሐኪም ጋር ነው፤ እዚህ የተጻፈው ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎት እንዲያውቁ ነው።

ትከሻ ከሌላው መጋጠሚያ ይበልጥ ለምን ይወልቃል?

ኳስ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ቢያስቀምጡ የሚሆነውን ያስቡ። ኳሱ የክንድ አጥንት ራስ ነው። ማስቀመጫው ደግሞ ከጀርባ ባለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ያለ፣ ወርዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጥልቀት የሌለው ሳህን ነው። የዳሌ መጋጠሚያ እንደ ጽዋ ጥልቅ ስለሆነ በቀላሉ አይወልቅም። ትከሻ ግን እጃችን ወደፈለግንበት እንዲዞር ሲል ጥልቀቱን አጥቷል። ኳሱን በቦታው የሚያቆዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሳህኑን ጠርዝ ዙሪያውን ከፍ የሚያደርገው ላብረም የሚባል ቀለበት፣ መጋጠሚያውን የሚሸፍኑት ጅማቶች፣ ከላያቸው ያሉት ጡንቻዎች።

ከ100 የወለቁ ትከሻዎች 95 የሚሆኑት የሚወልቁት ወደ ፊት ነው። አደገኛው አኳኋን ድንጋይ ሊወረውር እንደተዘጋጀ ሰው ክንድ ወደ ጎን ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ ነው። ኳስ ለማዳን የተወረወረ በረኛ፣ ከባጃጅ የወደቀ ተሳፋሪ፣ ጥር 11 ቀን በአፄ ፋሲል መዋኛ እጁን ዘርግቶ የዘለለ ወጣት፣ ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ የሚያጮኽ እረኛ፣ ሁሉም የሚገኙት በዚሁ አኳኋን ላይ ነው።

ከገባ በኋላ ሕመሙ ጠፍቷል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ኳሱ ወደ ፊት ሲወጣ የሳህኑን የፊትና የታች ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። ላብረሙ ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ አንዳንዴም የጠርዙን ቁራጭ አጥንት ይዞ ይሰበራል። ይህ ጉዳት ባንካርት ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ ጉዳዩ ከጻፈው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ኳሱ ራሱም አይተርፍም፤ ከወጣ በኋላ ጀርባው በሳህኑ ስለታም ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ይሰረጎዳል። ስርጉዱ ሂል ሳክስ ይባላል።

የተላቀቀው ላብረም ብዙ ጊዜ ወደ ትክክለኛ ቦታው ተመልሶ አይጣበቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ትከሻው በትንሽ ምክንያት ይወልቃል፤ ኳስ ሲወረውሩ፣ ቀጥሎ ሹራብ ሲያወልቁ፣ በመጨረሻም በእንቅልፍ ላይ ሲገላበጡ። በወለቀ ቁጥር ከማስቀመጫው ጠርዝ ትንሽ ይሸረፋል፤ የኳሱም ስርጉድ ይሰፋል። «ቀላል ሆነልኝ፣ አሁን ራሴው እመልሰዋለሁ» የሚለው ወሬ ለሐኪም መልካም ዜና አይደለም። በቀላሉ የሚገባው ጠርዙ ስላለቀ ነው።

ወጌሻ ጋ ብሄድስ?

ብዙ የወለቁ ትከሻዎች በወጌሻ እጅ መግባታቸው እውነት ነው። ችግሩ ወጌሻው ማየት የማይችላቸው ነገሮች መኖራቸው ነው። የመጀመሪያው ስብራት ነው። የክንድ አጥንት አንገት ተሰንጥቆ ከሆነ ጉተታው ስንጥቁን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል፤ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ እናቶች ላይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ሁለተኛው ነርቭ ነው። በብብት በኩል ዞሮ የሚያልፈው አክሲላሪ የተባለ ነርቭ በውልቃቱ ተወጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጎተቱ በፊት የትከሻው ውጫዊ ቆዳ መደንዘዙና አለመደንዘዙ መታየት አለበት። ሦስተኛው ጊዜ ነው። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየን ውልቃት መጎተት አጥንትም ደም ስርም ሊበጥስ ይችላል።

ገብቶም ከሆነ ራጅ ይነሡ። በየቀኑ በቅቤ ማሸትና «እንዳይደርቅ» እያሉ ክንዱን ማዞር ደግሞ ለመጣበቅ የሚሞክረውን ላብረም መልሶ ያላቅቀዋል። ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ሆስፒታል እስክደርስ ምን ላድርግ?

ክንዱን ባገኙት አኳኋን ይደግፉት፤ አስገድደው ወደ ደረት አይጎትቱት። ነጠላ በሦስት ማዕዘን አጥፈው አንገት ላይ ያንጠልጥሉ፤ በክንዱና በደረቱ መካከል የታጠፈ ጋቢ ያስገቡ። ቀለበትና አምባር ያውጡ፤ እጅ ሲያብጥ ማውጣት ይቸግራል። ማስታገሻና ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብ አይብሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም የእጅ አንጓ የደም ምት ከጠፋ ሰዓት የሚያስጠብቅ ነገር የለም። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቅርብ ያለው ሆስፒታል ራጅ አንሥቶ ማስገባት ከቻለ እዚያው ይግባ፤ ለቀጣዩ ውሳኔ በኋላ ወደ ጎንደር መምጣት ይቻላል።

ሆስፒታል ውስጥ ጉተታው ኃይል የለውም። ለምሳሌ በአንዱ ዘዴ በሽተኛው በሆዱ ተኝቶ ክንዱ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ አንጓው ላይ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ክብደት ይታሰርና ጡንቻው ሲዝል ኳሱ በራሱ ይገባል። ጡንቻ የሚላላው ሕመም ሲቀንስ ነው፤ ጉልበት ካስፈለገ ማስታገሻው አልበቃም ማለት ነው።

አንዴ ብቻ ነው የወለቀብኝ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል?

ዋናው መልስ ያለው ዕድሜዎ ላይ ነው። ከ20 ዓመት በታች ሆኖ ስፖርት የሚሠራ ሰው ትከሻው አንዴ ከወለቀ ድጋሚ የመውለቁ ዕድል ከግማሽ በጣም ይበልጣል። ከ40 ዓመት በኋላ ይህ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የሚያሰጋው የጡንቻ ጅማት መበጠስ ነው።

ለአብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ውልቃት በኋላ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ማንጠልጠያ፣ ከዚያ ቢያንስ 3 ወር ፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ይሞከራል። ገና ከመጀመሪያው ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር የሚገባቸው በግጥሚያ ስፖርት የሚሳተፉ ወጣቶች፣ ትልቅ የጠርዝ ስብራት ያለባቸው፣ ከገባ በኋላ ኳሱ መሐል ላይ የማይቀመጥላቸውና ጅማታቸው የተበጠሰ ናቸው። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የወለቀበት ወጣት ግን «እስቲ ትንሽ እንየው» ማለቱ አይጠቅመውም። የምናየው የጠርዙን ማለቅ ነው።

ምን ዓይነት ምርመራ ይታዘዛል?

መጀመሪያ ራጅ ነው፤ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ወይም በብብት በኩልም መነሣት አለበት። ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻ ከፊት በተነሣ ራጅ ላይ ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ሳምንታት ቆይቶ የሚታወቀው ውልቃት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ኤምአርአይ ላብረሙንና ጅማቱን ያሳያል። ሲቲ ስካን አጥንቱን ይለካል። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃና ትከሻው ደጋግሞ የወለቀ ከሆነ ሲቲ ስካኑ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የቀዶውን ዓይነት የሚወስነው ከሳህኑ ወርድ ስንት በመቶ እንደጠፋ ነው። ላብረሙ መላቀቁን ሐኪሙ ከታሪክዎና ከእጅ ምርመራው አስቀድሞ ይገምታል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነቶች ምንድን ናቸው?

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው።

ባንካርት ጥገና፦ የተላቀቀውን ላብረምና የላላውን ጅማት ወደ ጠርዙ መልሶ መስፋት ነው። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ክር የታሰረበት አንከር የሚባል ትንሽ መያዣ ይገባል፤ ክሩ ላብረሙን አቅፎ ይቋጠራል። አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 አንከር ያስፈልጋል፤ በ1 ወይም በ2 ብቻ የተያዘ ጥገና ቶሎ ይለቃል። ሥራው በካሜራ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወይም ከፊት በኩል ተከፍቶ ይሠራል። የኳሱ ስርጉድ ትልቅ ከሆነ ሐኪሙ በካሜራው ከጀርባ ያለውን ጅማት ስርጉዱ ውስጥ ይሰፋዋል፤ ጉድጓዱ ስለሚደፈን ጠርዙ ውስጥ መሰንቀሩ ይቀራል።

ላታርዤ፦ ይህ የጠፋውን ጠርዝ በሌላ አጥንት መተካት ነው። ከትከሻ ፊት ለፊት ኮራኮይድ የሚባል እንደ መንጠቆ የወጣ አጥንት አለ። ከጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ወይም ጥቂት የሚበልጥ ርዝመት ከነተጣበቁበት ጡንቻዎች ይቆረጣል፤ ከፊት ያለው ጡንቻ በአግድም ይሰነጠቅና በመካከሉ አልፎ በተሸረፈው ጠርዝ ላይ በ2 ብሎን ይታሰራል። የሚሠራው በሦስት መንገድ ነው። አጥንቱ ሳህኑን ያሰፋዋል። የተዛወሩት ጡንቻዎች ክንድ ሲነሣ ከፊት እንደ መቀነት ይወጠራሉ። የመጋጠሚያው ሽፋንም ከአዲሱ አጥንት ጋር ይሰፋል። ቀዶው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 ዘዴውን ባሳተመው የሊዮን ከተማ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው።

ኮራኮይዱ ቀድሞ ጥቅም ላይ ከዋለ ወይም ጉድለቱ እጅግ ትልቅ ከሆነ ከዳሌ አጥንት ቁራጭ ተወስዶ ይተከላል።

የትኛው ለእኔ እንደሚሆን በምን ይታወቃል?

የጠፋው አጥንት ከሳህኑ ወርድ 20 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ላብረሙን ብቻ መስፋት የተሰበረ ማስቀመጫ ጠርዝ ላይ ጨርቅ እንደመለጠፍ ነው፤ ላታርዤ ይመረጣል። ከዚያ በታች ከሆነ ሌሎች ነገሮች ይመዘናሉ። ሐኪሞች ከ10 የሚቆጠር ነጥብ ይጠቀማሉ፦ ዕድሜ 20 ወይም ከዚያ በታች 2፣ የውድድር ስፖርት 2፣ ግጭት ያለበት ወይም ክንድ ከራስ በላይ የሚወረወርበት ስፖርት 1፣ በተፈጥሮ የላላ መጋጠሚያ 1፣ በራጅ የሚታይ የኳስ ስርጉድ 2፣ በራጅ የሚታይ የጠርዝ መጉደል 2። ከ6 በላይ ላመጣ ሰው ባንካርት ጥገና ብቻውን የመክሸፍ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ላታርዤ ይመከራል።

ላታርዤ ከተሠራላቸው መካከል ድጋሚ የሚወልቅባቸው በአብዛኛው ከ100 ከ5 ያነሱ ናቸው። ባንካርት ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በተለይ በወጣት ስፖርተኞች። በምላሹ ላታርዤ ትልቅ ቀዶ ነው፤ ነርቭ የመንካት፣ ብሎን የመሰበርና አጥንት ያለመያያዝ ችግሮች አሉበት። ለዚህ ነው በጊዜ የመጣ ሰው በትንሹ ቀዶ የሚያልፈው፤ አሥር ጊዜ ካስወለቀ በኋላ የመጣው ግን ምርጫው የሚጠበው።

በካሜራ ካልተሠራ አልሠራም ማለት ልክ ነው?

አይደለም። ካሜራ ጠባሳን ያሳንሳል፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሕመምም ይቀንሳል። ድጋሚ መውለቅን በመከላከል ግን በሚገባ የተሠራ ክፍት ባንካርት ከካሜራው አያንስም፤ ክፍት ላታርዤም ከመጀመሪያው ያለ ካሜራ የተወጠነ ቀዶ ነው። ከመሣሪያው ይልቅ ቀዶ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ይህን ቀዶ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? የእኔ የአጥንት ጉድለት ስንት በመቶ ነው? በመሐል ጉድለቱ ከተገመተው በላይ ሆኖ ቢገኝ ምን ያደርጋሉ? ለሦስተኛው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ያለው ሐኪም አስቦበታል።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ትከሻዬም በመንቀጥቀጡ ጊዜ ይወልቃል።

መጀመሪያ የሚጥለውን ማስቆም ያስፈልጋል። በቀዶ የተጠገነ ትከሻ በአንድ ከባድ መንቀጥቀጥ ብሎኑን ሰብሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሐኪሞች መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ ለብዙ ወራት ሳይጥል መቆየትን ይጠይቃሉ። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይጠመቁ። ድንገት ማቋረጥ ራሱ ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከመንቀጥቀጥ ወይም ከኤሌክትሪክ አደጋ በኋላ ክንዱ ወደ ሆድ ዞሮ ወደ ውጭ አልዞር ካለ ወደ ኋላ መውለቁን ይጠርጥሩ፤ የብብት ራጅ እንዲነሣ ይጠይቁ።

ከወለቀ 2 ወር ሆኖታል፤ አልገባም።

እንዲህ ያለው በጉተታ አይሞከርም። ሳህኑ በጠባሳ ሞልቷል፤ ጡንቻዎቹ አጥረዋል፤ የብብት ደም ስር ከኳሱ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ተከፍቶ ጠባሳው ተጠርጎ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ላታርዤ ወይም ለጊዜው የሚይዝ ሽቦ ይጨመርበታል። ውጤቱ በ3ኛው ቀን ከገባ ትከሻ ጋር አይወዳደርም፤ ክንድ ሙሉ በሙሉ ላይነሣ ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሕመማቸው ትንሽ የሆነና እጃቸው አፋቸው የሚደርስላቸው ሰዎች ደግሞ ሳይነካ ቢተው የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይህን የሚል ሐኪም ሰነፍ አይደለም።

ትከሻዬ በሁሉም አቅጣጫ ልል ነው። ሳልወድቅም ይንሸራተታል።

አውራ ጣትዎ ክንድዎን የሚነካ፣ ክርንዎና ጉልበትዎ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ከሆነ ልልነቱ የተፈጥሮ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ ፊዚዮቴራፒ ነው። ለጓደኛ ለማሳየት ሆን ብሎ ማውለቅ መቆም አለበት፤ ይህን ልማድ ያልተወ ሰው ቢሰፋም መልሶ ያላላዋል።

ሪፈርና ወጪው እንዴት ነው?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያዎ ወይም ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልዎ የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ የታደሰ የአባልነት ደብተርዎን አይርሱ። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲመጡ የቀድሞ ራጆችዎን በሙሉ ይዘው ይምጡ፤ በተለይ ወልቆ እያለ የተነሣውን። የገባው ትከሻ ራጅ ወዴት እንደወለቀ አይናገርም።

ቀጠሮ ሲይዙ ሦስት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ የቀዶው ክፍያ፣ አንከሩ ወይም ብሎኑ ከሆስፒታሉ የሚገኝ ወይም ከውጭ የሚገዛ መሆኑ፣ መድኑ የትኛውን እንደሚሸፍን። አንከር ውድ ነው፤ ብዛቱም ወጪውን ያባዛል። የላታርዤ 2 ብሎን ከዚያ በጣም ይረክሳል። ይህ ልዩነት ግን ለትንሽ ጉዳት ትልቅ ቀዶ ለመምረጥ ምክንያት መሆን የለበትም። ከገጠር የሚመጡ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ምልልሱንም በበጀታቸው ይያዙ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ቀዶው ላይ ጨርሶ ከዚያ በኋላ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ከቀዶው በፊት ምን ልጠንቀቅ?

ቀዶው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብና ወተት አይቅመሱ። ንጹሕ ውኃ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይፈቀዳል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማቅጠኛና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የትኛው እንደሚቀጥል ሰመመን ሰጪውን ይጠይቁ። የሚጠጡትን የባህል መድኃኒት ሳያፍሩ ይናገሩ። ሲጋራ አጥንት እንዳይያያዝ ስለሚያደርግ ለላታርዤ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁሙ። ብብትዎን ቤት ውስጥ በምላጭ አይላጩ፤ የምላጭ ጭረት የተህዋስ መግቢያ ይሆናል። ትከሻዎንና ብብትዎን በሳሙና ይታጠቡ። በዚያ ትከሻ ላይ ብጉር ወይም ቁስል ካለ ቀዶው ይተላለፋል።

ማደንዘዣው ምን ዓይነት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን ነው። በተጨማሪም አንገት ሥር በሚሰጥ መርፌ የክንዱ ነርቮች ሊደነዝዙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ክንዱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት የእርስዎ አይመስልም። በዚያው ወገን ዓይን ትንሽ ቢከደን፣ ድምፅ ቢጎረንን ወይም ትንፋሽ ጥቂት ቢያጥር አይደንግጡ፤ ማደንዘዣው ሲለቅ ይመለሳል። ሕመሙ ግን አብሮ ስለሚነሣ የመጀመሪያውን ማስታገሻ ክንዱ ገና ደንዝዞ ሳለ ይዋጡ።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

ኢንፌክሽን፦ የትከሻ ኢንፌክሽን አንዳንዴ ትኩሳት የለውም። ብብት አካባቢ የሚኖር ዝግተኛ ባክቴሪያ ከወራት በኋላ በማያቋርጥ ሕመምና በድርቀት ብቻ ሊገለጥ ይችላል።

ነርቭ፦ በላታርዤ ክንድን የሚያጥፈውና የትከሻን ጉልላት የሚያነሣው ነርቭ በመወጠር ሊደክም ይችላል። አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል።

ድርቀት፦ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ጥቂት ዲግሪ መቀነሱ የተለመደ ነው። ብዙ ከቀነሰ ግን ወይ ጥገናው ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይ ፊዚዮቴራፒው ዘግይቷል።

የብሎንና የአጥንት ቦታ፦ የተተከለው አጥንት ከሳህኑ ወደ ውጭ ከወጣ ኳሱን እየፋቀ የመገጣጠሚያ ብግነት ያመጣል፤ በጣም ወደ ውስጥ ከገባ ኳሱን አይዝም። የረዘመ ብሎን ከጀርባ ያለን ነርቭ ይወጋል። ስለዚህ ከቀዶው በኋላ የሚነሣው ራጅ ለወግ ያህል የሚነሣ አይደለም።

ድጋሚ መውለቅ፦ ዋናው ምክንያት የአጥንት ጉድለቱን አሳንሶ ገምቶ ላብረም ብቻ መስፋት ነው። ሁለተኛው የበሽተኛው መቸኮል ነው። በ6ኛው ሳምንት የማያም ትከሻ የዳነ ይመስላል፤ ላብረሙ ግን ገና አልጠነከረም።

ማንጠልጠያውን ለምን ያህል ጊዜ ነው የማደርገው? እንዴትስ ልተኛ?

ለባንካርት ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ለላታርዤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፤ ልኩን ሐኪሙ ይወስናል። እጅ ከክርን ጥቂት ከፍ ይበል። ለመተኛት ከጀርባና ከራስጌ ሁለት ትራስ አድርገው ከፊል ተቀምጠው ይተኙ፤ ከክርኑ ሥር የታጠፈ ጋቢ ያስገቡ። ተጋድመው ሳለ ክርንዎ ካልታየዎት ወደ ኋላ ወድቋል፤ ጋቢውን ይጨምሩ። ሲለብሱ የታመመው እጅ ይቅደም፤ ሲያወልቁ ይከተል። ብብት ሳይታጠብ ከቆየ ይላጣል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ክንዱን ወደ ታች ያንጠልጥሉና በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በደንብ ያድርቁ። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይፈታል።

ፊዚዮቴራፒው ምን ይመስላል?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ከሚያሠለጥኑ የአገሪቱ ተቋማት አንዱ ስለሆነ በዚህ ረገድ ጎንደሬ ዕድለኛ ነው። የተለመደው ሂደት የሚከተለው ነው፤ የራስዎ ሐኪም ሌላ ካዘዘ ግን የእሱን ይከተሉ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣት፣ አንጓና ክርን ያንቀሳቅሱ። ልጆች የሚጫወቱበት የካልሲ ኳስ ለመጨበጥ ይበቃል። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ፣ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፈው የታመመውን ወደ ታች አንጠልጥለው በትንሹ ያወዛውዙ፤ 10 ዙር፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ።

እስከ 6ኛው ሳምንት ክንድን ወደ ውጭ ማዞር በ30 ዲግሪ ይገደባል። 30 ዲግሪ ማለት የሰዓት ዘንግ ከ12 ወደ 1 የሚሄደውን ያህል ነው። ለዚህ መቋሚያ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው በሁለት እጅ ይያዙትና ደህናው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ ይግፋው። ላታርዤ የተሠራለት ሰው በእነዚህ 6 ሳምንታት ክርኑን አጥፎ ዕቃ አያንሣ። ክርን የሚያጥፈው ጡንቻ የተተከለው አጥንት ላይ ስለታሰረ ብሎኑን ይጎትታል። የቡና ሲኒ ይቻላል፤ ጀሪካን አይቻልም።

ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ክንዱን በራሱ ጉልበት ማንሣት ይጀመራል። ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ጀምሮ ማጠንከሪያ ይገባል፤ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በር ላይ አስሮ መሳብ ከተገዛው ላስቲክ አያንስም። ከጀርባ ያሉትን የትከሻ አጥንት ጡንቻዎች አይዝለሉ፤ ሳህኑን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው።

እስክስታ መቼ እወርዳለሁ? እንጀራ መጋገር፣ ስግደት፣ ኳስስ?

እስክስታ ሰዎች የሚፈሩትን ያህል አደገኛ አይደለም። እጅ ወገብ ላይ ሆኖ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ክንዱ ወደ ጎን ተነሥቶ ወደ ኋላ አይጠመዘዝም። ትከሻን በዝግታ ወደ ላይና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስማ የፊዚዮቴራፒው አካል ነው። ሞቅ ያለው እስክስታ ግን ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ይሁን፤ የሠርግ ቤት ግፊያም እንዳይረሳ።

በታመመው እጅ ሊጥ ማዞር ወደ 3 ወር ይጠጋል፤ ምጣዱ ሰፊ ነው፣ ክንዱ ተዘርግቶ ነው ክብደት የሚይዘው። በስግደትም ሆነ በሱጁድ እጅን መሬት አስደግፎ መነሣት ከ4 ወር በፊት አይመከርም፤ እስከዚያ ቆመው ወይም ወንበር ላይ ሆነው ጎንበስ ይበሉ። ባጃጅና መኪና መንዳት ማንጠልጠያው ከወጣና መሪው ሳያም ከዞረ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ እርሻና የቀን ሥራ ከ4 እስከ 6 ወር። ግጥሚያ፣ በረኝነት፣ ጅራፍና ወደ ውኃ መዝለል 6 ወር። ቀዶው ጥቅምት ላይ ከተሠራ የጥር ጥምቀትን ከዳር ሆነው ያክብሩ።

ጠበል መጠመቅ እችላለሁ?

ስፌቱ ተፈትቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቁስሉን ውኃ አይንካው። እስከዚያ መጠጣትና ሌላውን አካል መረጨት ይቻላል። አመድ፣ ቅጠልና ቅባት ቁስሉ ላይ አይደረግ።

ጾም ላይ ነኝ፤ ማስታገሻውን እንዴት ልውሰድ?

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቆስላሉ፤ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ጠዋት መዋጥ አይሆንም። ፓራሲታሞል በባዶ ሆድ ይወሰዳል፦ ለአዋቂ 500 ሚሊ ግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፤ የጉበት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ሐኪም ይጠይቅ። የዳይክሎፌናክ መርፌ ከፋርማሲ እየገዙ ደጋግሞ መወጋት ኩላሊትም ይጎዳል። ለቁስል መዳን የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ይገኛል።

ብሎኑ በኋላ ይወጣል?

ካልላላ፣ ካልተሰበረ ወይም ካልቆረቆረ አይወጣም። አንከሩም እንዲሁ። የተሠራበትን ብረት ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ያስጽፉ፤ ወደፊት ኤምአርአይ ሲታዘዝ ይጠየቃሉ።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ መመለስ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ ወይም መቅላቱ ከሰፋ፤ የነርቭ መርፌው ከለቀቀ በኋላ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ፤ ክንድ ወይም ባት ካበጠ፤ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፤ ትከሻው «ቋ» ብሎ ቅርጹ ከተለወጠ። በመጨረሻው ጊዜ መልሰው ለማስገባት አይሞክሩ፤ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥለው፣ ምግብ ሳይበሉ፣ የቀዶውን ወረቀት ይዘው ይምጡ።